አንገቱ የተለወጠ ጊታር ያው ጊታር ነውን?

የሙዚቃ ክበባችን አባላት አንድ ጥያቄ አቅርበውልናል። በከተማችን ያገለገለ የኤሌክትሪክ ጊታር ለሽያጭ ቀርቧል፤ ባለቤቱም «ፌንደር ስትራቶካስተር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራ ነው፤ ኦሪጅናል ነው» ይላል። አንገቱ ግን ከገላው ጋር የማይሄድ መስሎ ታይቷቸዋል። ገንዘቡ ከተማሪ ኪስ በመዋጮ የተሰበሰበ እንደመሆኑ መጠን ነገሩን አብራርተን መጻፍ ይገባናል ብለናል።

ለመሆኑ «ኦሪጅናል» ማለት ምንድን ነው? ከጎንደር አቅራቢያ የአዝማሪዎች መንደር እየተባለች በምትታወቀው በቡርቧክስም ሆነ በሌላ ስፍራ፣ ባለማሲንቆው ጭራው ሲበጠስ ጭራ፣ ቆዳው ሲቀደድ ቆዳ፣ እንጨቱ ሲሰበር እንጨት ይለውጣል። «ማሲንቆህ ኦሪጅናል ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ቢጠየቅም ይስቃል። ማሲንቆ የሚለካው በድምፁና በያዘው እጅ ነው። የፋብሪካ ጊታር ግን ቁጥርና ቀን ይዞ የሚወጣ ዕቃ ነው። አሮጌ ሲሆን ዋጋው የሚወደደው ከፋብሪካው እንደወጣ በመቆየቱ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ሁለት መሆኑን ልብ እንበል። አንደኛው «ጥሩ መሣሪያ ነው ወይ?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «የተባለው ነው ወይ?» የሚል ነው። ሻጭ ሁለቱን ሲያደባልቃቸው ገዢ ይጎዳል።

አንገት መለወጡ በራሱ የሚያስደንቅ ነገር አይደለም። ሊዮ ፌንደር በአሜሪካ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1950 ለገበያ ያወጣው ጊታርም ሆነ በ1954 የተከተለው ስትራቶካስተር፣ አንገቱ በኮላ የተጣበቀ ሳይሆን በአራት ብሎን የታሰረ ነበር። ለመሥራት እንዲቀል፣ ሲበላሽም በቶሎ እንዲለወጥ ታስቦ ነው። ጊብሰን ግን አብዛኞቹን ጊታሮቹን በኮላ ነው የሚያጣብቀው፤ የእሱን አንገት መለወጥ የባለሙያ ሥራ ነው። የፌንደርን ካቻቪቴ ያለው ሰው ሁሉ ይፈታዋል።

በአገራችንም ምክንያቱ ብዙ ነው። ከደባርቅና ከዳባት ብርድ ወደ መተማ ሙቀት የሚወርድ መሣሪያ፣ በበጋ ደርቆ በክረምት እርጥበት የሚጠጣ እንጨት፣ ይጣመማል። በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ከጆንያ ጋር የተጫነውማ አይነሳ! መለዋወጫ ከፋብሪካው እንደልብ አይገኝም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 የማሕሙድ አህመድን «እሬ መላ መላ» ባጀበው በአይቤክስ ባንድ ሰላም ሥዩም ጊታር በሚጫወትበት ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ ዕቃው በቀላሉ የሚተካ አልነበረም። በደርግ ጊዜ በየቦታው ከተቋቋሙት የኪነት ቡድኖችም ዘመናዊ መሣሪያ የነበራቸው ጥቂት አልነበሩም። ቡድኖቹ ሲበተኑ መሣሪያው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ የተገኘው አንገት በተገኘው ገላ ላይ ታሰረ። ይህ ነውር አይደለም። ነውሩ መደበቁ ነው።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። ከሁሉ በፊት የአንገቱን ራስ፣ ማለትም መቃኛዎቹ የተተከሉበትን ክፍል መመልከት ይበጃል። ስትራቶካስተር እስከ 1965 መጨረሻ ድረስ ትንሽ ራስ ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ ኩባንያው ራሱን አሰፋው። ስለዚህ ትልቅ ራስ ያለውን «የ1965 ነው» የሚል ሰው ተጨማሪ ማስረጃ ማምጣት አለበት። ኩባንያው በዚያው ዓመት በጥር ወር ለሲቢኤስ በመሸጡ፣ ሰብሳቢዎች ከሽያጩ በፊት ለተሠራው የበለጠ ይከፍላሉ፤ ዓመቱን ወደኋላ መሳብ የሚበዛውም ለዚህ ነው። በራሱ ላይ የተጻፈውን ስም ግን አትመኑት። እሱ ወረቀት መሳይ ተለጣፊ ነው፤ አስመስሎ ማተም ቀላል ነው። ከኋላ ባለው ሳህን መሳይ ብረት ላይ የተቀረጸው ቁጥርም ቢሆን ከአራቱ ብሎን ጋር አብሮ የሚወልቅ ስለሆነ ስለገላውም ስለአንገቱም መሐላ አይገባም።

ቀጥሎ ማስመሪያ አምጡ። ከላይ ክሩ ከሚያርፍበት አጥንት እስከ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት፣ ከአሥራ ሁለተኛው ፍሬት እስከ ታችኛው መደገፊያ ያለው ርቀት እኩል ሊሆን ይገባል፤ በታች በኩል ለቅኝት ተብሎ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢጨምር የተለመደ ነው። በፌንደር እያንዳንዱ ግማሽ 324 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በጊብሰን ደግሞ 314 ገደማ። ልዩነቱ ጎልቶ ከታየ አንገቱ ለሌላ ጊታር የተሠራ ነው፤ ቢቃኙትም አይቃናም። የፊዚክስ መምህራን ይህን ለክፍል ማሳያ ቢያደርጉት መልካም ነበር።

ዋናው ማስረጃ የሚገኘው ግን ሲፈታ ነው። አስቀድሞ ክሮቹ ይላሉ፤ ከዚያ ብሎኖቹ ይፈታሉ። (ባለቤቱ «አይፈታም» ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።) በአንገቱ ግርጌ ቀን ይፈለጋል፤ እስከ 1962 መጀመሪያ ገደማ በእርሳስ ይጻፍ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በማኅተም። የአንገቱና የገላው ቀን በጥቂት ወራት ቢለያይ አያስደነግጥም፤ ፋብሪካው ክፍሎቹን አከማችቶ ነበር የሚገጥመው። በዓመታት ከተራራቀ ግን ነገር አለ። ብሎን የገባባቸውን ቀዳዳዎችም ተመልከቱ፤ የተደፈነና ዳግመኛ የተበሳ ቀዳዳ ካለ አንገቱ ከሌላ ቤት መጥቷል። ገላው በላብና በክንድ ተፍቆ እንጨቱ ወጥቶ ሳለ አንገቱ እንደ ሙሽራ የሚያበራ ከሆነም እንዲሁ።

ገላውን ለመመርመር በውስጥ ያለውን የድምፅ መቆጣጠሪያ ማየት ይረዳል። በላዩ ላይ ለምሳሌ 1376633 የሚል ቁጥር ቢገኝ፣ 137 የአምራቹ ምልክት ነው፤ 66 ዓመቱ፣ 33 ሳምንቱ። ይህ የሚነግረን ጊታሩ ከዚያ ሳምንት በፊት አለመገጠሙን ብቻ ነው፤ መቆጣጠሪያው ራሱ ተለውጦ ካልሆነ በቀር።

አንገቱ መለወጡ ከተረጋገጠስ ይጣል? ኧረ አይጣልም! በሰብሳቢዎች ገበያ ዋጋው በእጅጉ ይወርዳል እንጂ መሣሪያነቱ አይጠፋም። ኤሪክ ክላፕተን «ብላኪ» ብሎ የሰየመውን ጊታር በ1970 ገደማ ከገዛቸው አሮጌ ስትራቶካስተሮች የተሻለ የተሻለውን ክፍል መርጦ ነው የገጠመው። በ2004 በጨረታ 959,500 ዶላር ተሸጠ። ሰዎች የከፈሉት ለክላፕተን እጅ መሆኑ ግን አይዘንጋ፤ የእኛ ሻጭ ክላፕተን አይደለም። በፋሲል ግቢም ጣሊያን በወረራው ዘመን በሲሚንቶ የጠጋገነው ግንብ ግንብነቱን አላጣም፤ የቱ የፋሲል፣ የቱ የጣሊያን መሆኑን ግን አስጎብኚው መናገር አለበት።

ስለዚህ ለክበባችን የምንሰጠው ሐሳብ ይህ ነው። አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ቅኝቱ የሚቃና ከሆነ ይገዛ፤ ዋጋው ግን እንደ ተገጣጠመ ጊታር እንጂ እንደ 1965 ጊታር አይሁን። በደረሰኙም ላይ «አንገቱ የተለወጠ» ተብሎ ይጻፍ። አሮጌው አንገት ቢሰነጠቅም እንኳ በሻጩ ቤት ካለ አብሮ ይጠየቅ፤ ምድጃ ውስጥ ገብቶ ካልሆነ። የተለወጠበት ቀንና የለዋጩ ስም ታውቆ ከሆነ፣ በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ አንገቱ ከገላው በሚገጥምበት ጎድጓዳ ውስጥ ይቀመጥ፤ ከእኛ በኋላ የሚፈታው ሰው ያገኘዋል።