ከዲስኮው ጥቁር መብራት እስከ ላስታ ፀሐይ

ጥር የሠርግ ወር ነው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ በላሊበላና በአካባቢው ባሉ የላስታ ከተሞች ድንኳን ይተከላል፣ ጠላው ይጠመቃል፣ ሙሽሮች ይሞሸራሉ። በከተማው ሠርግ ላይ ከማሲንቆው ጎን ተንቀሳቃሽ ዲስኮም የራሱን ስፍራ ይዟል። ዲጄው ድምፅ ማጉያውን፣ መብራቱንና ሽቦውን በመኪና ጭኖ ይመጣል፤ መብራት የሚጠፋ ከሆነም ጄኔሬተር ያስከትላል። ሲመሽ ተራው አምፖል ይጠፋና ጥቁር የሚመስል አንድ ቱቦ ይበራል። በዚያች ቅጽበት የሙሽራዋ ቬሎ፣ የሚዜዎቹ ሸሚዝና የጨፋሪው ጥርስ በሰማያዊ ነጭ ብርሃን ይንቦገቦጋል። ከዳር የተቀመጡት አሮጊት ነጠላ ግን፣ በቀን ብርሃን ከሸሚዙ የማይተናነስ ነጭ ሆኖ ሳለ፣ ደብዝዞ ይታያል።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ትዕይንት ያየ ሰው ሁለት ጥያቄዎች ወደ አእምሮው ሳይመጡ አይቀሩም። አንደኛው፣ ሸሚዙ ሲያበራ ነጠላው ለምን ጨለመ? የሚለው ነው። ሁለተኛውና ብርቱው ደግሞ፣ ይህ መብራት ዓይን አይጎዳምን? የሚል ነው። የሁለቱም መልስ የሚገኘው በአንድ ቁጥር ላይ ነው። ይኸውም የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ነው።

የማይታየው ብርሃን

የሰው ዓይን የሚያየው ብርሃን ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ባለው የሞገድ ርዝመት የተወሰነ ነው። አንድ ናኖሜትር የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። ጀርመናዊው ዮሐን ሪተር በ1801 እ.ኤ.አ. የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፋፍሎ በሲልቨር ክሎራይድ ላይ ሲያሳርፍ፣ ጨው ይበልጥ የጠቆረው ከሐምራዊው ቀለም ባሻገር፣ ምንም ብርሃን በማይታይበት ስፍራ ላይ እንደሆነ አስተዋለ። ዛሬ አልትራቫዮሌት የምንለው ጨረር በዚህ መንገድ ታወቀ።

ሳይንቲስቶች ይህን ጨረር በሦስት ይከፍሉታል። ከ315 እስከ 400 ናኖሜትር ያለው አልትራቫዮሌት ኤ፣ ከ280 እስከ 315 ያለው አልትራቫዮሌት ቢ፣ ከ100 እስከ 280 ያለው አልትራቫዮሌት ሲ ይባላል። ሞገዱ ባጠረ ቁጥር እያንዳንዱ ፎቶን የሚሸከመው ኃይል ይጨምራል። የ365 ናኖሜትር ፎቶን 3.4 ኤሌክትሮን ቮልት ሲይዝ የ254 ናኖሜትሩ ግን 4.9 ያህል ይይዛል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም በሕያው ሕዋስ ላይ የሚያስከትለው ውጤት እጅግ የተለያየ ነው። የዘር ቅመም የሆነው ዲ.ኤን.ኤ. የመጀመሪያውን እምብዛም አይመጥም፤ ሁለተኛውን ግን አጥብቆ ይመጥጣል፤ በዚያም ይበላሻል።

ቬሎው ለምን ያበራል?

እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ጆርጅ ስቶክስ በ1852 እ.ኤ.አ. የወባ መድኃኒት የሆነውን የኲኒን ውሕድ በማይታየው ጨረር መንገድ ላይ ቢያቆመው ውሕዱ ሰማያዊ ሆኖ አበራ። «ኪኒን» የሚለው ቃላችን የመጣው ከዚሁ መድኃኒት ስም ነው። ስቶክስ ክስተቱን ፍሎረሰንስ ብሎ ሰየመው። ሞለኪውሉ አልትራቫዮሌት ፎቶን ሲመጥ ኤሌክትሮኑ ወደ ከፍተኛ የኃይል ደረጃ ይወጣል፤ ከኃይሉ ጥቂቱን በሙቀት መልክ ያጣና ወደ ቦታው ሲመለስ የተረፈውን በብርሃን መልክ ይለቃል። የተለቀቀው ፎቶን ኃይሉ ስለቀነሰ ሞገዱ ይረዝማል፤ ስለዚህም ዓይናችን ወደሚያየው ክልል ይገባል።

በልብስ ዱቄት ሳሙና ውስጥ ይህን ሥራ ሆን ብለው እንዲሠሩ የሚጨመሩ ቅመሞች አሉ። ነጭ ጨርቅ እያረጀ ሲሄድ ወደ ቢጫነት ያደላል። ቅመሞቹ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለውን አልትራቫዮሌት መጥጠው ሰማያዊ ብርሃን በመልቀቅ ቢጫነቱን ይሸፍናሉ። ሳሙናው ልብሱን «ከነጭ የነጣ» የሚያስመስለው በከፊል በዚህ ዘዴ ነው። የፋብሪካ ጨርቅም ገና ሲሠራ እነዚሁ ቅመሞች ይጨመሩበታል። ዲስኮው ውስጥ የሚታየው ብርሃን እንግዲህ የንጽሕና ሳይሆን የቅመም ምስክር ነው።

የአሮጊቷ ነጠላ የደበዘዘውም ስለዚሁ ነው። በእጅ ከተፈተለ ጥጥ ተሸምኖ በእንዶድ የታጠበ ነጠላ እነዚህ ቅመሞች የሉበትም። የእንዶድ ፍሬ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን በሚባሉ ውሕዶች ሲሆን፣ እነዚህ እድፍ ያስለቅቃሉ እንጂ አያበሩም። እንዶድ የልብስ ማጠቢያ ብቻ እንዳልሆነም ይታወሳል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመልክተው፣ ተክሉ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ እንደሚገድል ለዓለም ያሳወቁት ከዚህ ተነስተው ነው።

ተማሪዎች ይህን በቀላሉ ሊፈትኑት ይችላሉ። ከአንድ ጥጥ ጨርቅ የተቆረጡ ሁለት ቁራጮች ይዘጋጁና አንዱ በእንዶድ፣ ሌላው በዱቄት ሳሙና ደጋግሞ ይታጠብ። ሁለቱ በጨለማ ክፍል፣ የብር ኖት ለመለየት በሚያገለግል አነስተኛ መብራት ሥር ጎን ለጎን ይታዩ። አምቦ ውኃና ኲኒን ያለበት ቶኒክም በሁለት ብርጭቆ ቢቀርቡ፣ አምቦው ጨልሞ ሲቀር ቶኒኩ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። የጎመን ቅጠል ተወቅጦ በአልኮል ቢዘፈዘፍ ደግሞ አረንጓዴው ፈሳሽ ቀይ ብርሃን ይሰጣል፤ ይህን የሚያደርገው ክሎሮፊል ነው።

ዲስኮውና ፀሐይ በሚዛን

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። አንድ ባለ 40 ዋት የዲስኮ ቱቦ 9 ዋት ያህል አልትራቫዮሌት ኤ ይረጫል እንበል። ከቱቦው 3 ሜትር ርቆ በሚጨፍር ሰው ዘንድ ይህ ኃይል 113 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ሉል ላይ ይበተናል። ስለዚህ በአንድ ካሬ ሜትር የሚደርሰው 0.08 ዋት ገደማ ነው። በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ ደጋ ላይ ከፀሐይ የሚወርደው አልትራቫዮሌት ኤ በአንጻሩ በካሬ ሜትር 60 ዋት ያህል ነው። ፀሐይ ከዲስኮው መብራት በብዙ መቶ እጥፍ ትበልጣለች ማለት ነው።

ለዓይን የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ወሰን በአንድ ቀን በካሬ ሜትር 10,000 ጁል ነው። ጨፋሪው ስድስት ሰዓት ሙሉ ከ3 ሜትር ርቀት ላይ ቢቆይ የሚደርሰው 1,700 ጁል ገደማ ስለሆነ ከወሰኑ በእጅጉ ያነሰ ነው። ዲጄው ግን ከቱቦው 1 ሜትር ርቀት ላይ ፊት ለፊት ተቀምጦ ቢያመሽ 15,000 ጁል ያህል ይደርሰዋል፤ ከወሰኑ አለፈ ማለት ነው። ቱቦዎቹ ሁለት ወይም አራት ከሆኑ ስሌቱ በዚያው ልክ ያድጋል። በጨለማ የዓይን ብሌን ሰፍቶ እንደሚከፈትም መዘንጋት የለበትም። ስለዚህ ሊጠነቀቅ የሚገባው ለአንድ ሌሊት የመጣው እንግዳ ሳይሆን፣ በየሳምንቱ ከመብራቱ አጠገብ የሚሠራው ባለሙያ ነው።

አሳሳቹ ቱቦ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ የሚሠራው ቱቦው ትክክለኛው ሲሆን ብቻ ነው። የክፍላችን ነጭ ፍሎረሰንት፣ የዲስኮው ጥቁር ቱቦና በሆስፒታልና በውኃ ማጣሪያ የሚያገለግለው ጀርም ገዳይ ቱቦ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በሦስቱም ውስጥ የሜርኩሪ ተን በኤሌክትሪክ ተነቃቅቶ በዋናነት 254 ናኖሜትር ጨረር ያመነጫል። በነጩ ቱቦ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የተቀባው ዱቄት ጨረሩን ወደ ነጭ ብርሃን ይለውጠዋል። በዲስኮው ቱቦ ያለው ሌላ ዓይነት ዱቄት ወደ 365 ናኖሜትር አካባቢ ያመጣዋል፤ ጥቁር ሐምራዊው መስታወትም የሚታየውን ብርሃን በአብዛኛው ያግዳል። ጀርም ገዳዩ ግን ዱቄት የለውም፤ መስታወቱም ጨረሩን እንዳለ የሚያሳልፍ ልዩ መስታወት ነው።

አደጋው ያለው ሦስቱም በተመሳሳይ መያዣ ላይ ሊገጠሙ መቻላቸው ላይ ነው። ጀርም ገዳዩ ሲበራ ደስ የሚል ፈዛዛ ሰማያዊ ስለሚመስል ለዲስኮ የተሠራ ነው ብሎ የሚያስብ አይጠፋም። በ2017 እ.ኤ.አ. ሆንግ ኮንግ ውስጥ በተካሄደ አንድ ድግስ ላይ እንዲህ ያሉ ቱቦዎች ለጌጥ ተተክለው እንግዶች ዓይናቸውና ቆዳቸው ተቃጥሏል። በዚያው ከተማ በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. በሌላ ድግስ ላይ የተገኙ ሰዎችም በማግስቱ በዓይን ሕመም ተሠቃይተዋል፤ አዘጋጆቹ ምክንያቱ በአንድ ማዕዘን የተተከሉ የአልትራቫዮሌት ኤ መብራቶች ሳይሆኑ እንዳልቀረ አስታውቀዋል። ይህ የሚያሳየው ትክክለኛው ዓይነት መብራትም ቢሆን ከበዛና ከቀረበ ሊጎዳ እንደሚችል ነው። ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ ደግሞ ጀርም ገዳይ መብራቶች በየገበያው በዝተዋል።

የሚያስከትለው ሕመም ብየዳ ቤት ለሚሠሩ ወጣቶች እንግዳ አይደለም። ዓይን አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፣ ያለቅሳል፣ ብርሃን ይፈራል። ስሜቱ የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ታማሚው ሌሊት ነቅቶ ምክንያቱን ማወቅ ይሳነዋል። የተቃጠለው የዓይን የፊት ግልጽ ሽፋን ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይድናል፤ ሆኖም ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል።

ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ

መብራቱን በልኩ ከፈራነው ፀሐይንም በልኳ መፍራት ይገባናል። ከላሊበላ ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በእኩለ ቀን የሚጓዝ ሰው የሚራመደው በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ በ10 ከመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ይህ መንገደኛ በባሕር ዳርቻ ካለ ሰው በሩብ ያህል የበለጠ ይደርሰዋል። ስፍራው በ12 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሚገኝም ፀሐይ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ በአናት ላይ ትቆማለች። የዓለም ጤና ድርጅት 11ና ከዚያ በላይ የሆነውን የአልትራቫዮሌት መለኪያ «እጅግ ከፍተኛ» ይለዋል፤ በደጋችን ሰማይ በጠራ ጊዜ ይህ ቁጥር በተደጋጋሚ ይታለፋል።

ጉዳቱ እንደ ቱቦው በአንድ ሌሊት አይታይም፤ በዕድሜ ሙሉ ይጠራቀማል። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከሚታየው ዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከዓይን ሞራ መሆኑን አሳይቷል። ለዓይን ሞራ ብዙ ምክንያቶች ቢኖሩትም የፀሐይ አልትራቫዮሌት አንዱ ነው።

መንገደኛው ዋሻው ውስጥ ሲገባ እፎይ የሚለው ከሙቀቱ ብቻ አይደለም። አጭር ሞገድ በአየር ውስጥ አብዝቶ ስለሚበተን ሰፊ ሰማይ በሚታይበት የዛፍ ጥላ ሥር እንኳ ጨረሩ ከየአቅጣጫው ይደርሳል። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ጠበል በድንጋይ ገንዳ በሚጠራቀምበት በነአኩቶ ለአብ ዋሻ ግን የሚታየው ሰማይ ጥቂት ነው። የብራና መጻሕፍትና ሥዕሎች ቀለማቸውን ይዘው እንዲቆዩ ከሚረዷቸው ነገሮች አንዱ ይህን የመሰለ ጨለማ ነው። ጎብኚም ፎቶ ለማንሳት ሲል ብራናውን ወደ ፀሐይ እንዲያወጡለት ካህናቱን ባይጠይቅ መልካም ነው።

ምን እናድርግ?

ዲጄዎች ቱቦ ሲገዙ በላዩ የተጻፈውን ያንብቡ። 365 ወይም በዚያ አካባቢ ያለ ቁጥር ለዲስኮ ነው፤ 254 ወይም አልትራቫዮሌት ሲ የሚል ከሆነ ለሰው ማኅበር ፈጽሞ አይሆንም። ቁጥሩ ባይኖር መስታወቱ ይታይ፤ ጠፍቶ ሳለ ጥቁር ሐምራዊ ከሆነ የዲስኮው ነው፤ ውስጡን አጥርቶ የሚያሳይ ከሆነ ግን አይሰቀል። መብራቱ ከፍ ብሎ ከሰው 3 ሜትር ያህል ይራቅ፤ ፊቱም ወደ ተቀማጩ ሳይሆን ወደ ግድግዳው ይዙር። ቱቦ ቢሰበር ሜርኩሪ ስላለበት ቤቱ ይናፈስ፤ ስብርባሪውም በባዶ እጅ አይነካ።

ለፀሐይ ደግሞ ባህላችን ያዘጋጀልን መከላከያ አለ። ሁለት ድርብ የሆነው ነጠላ ከባዶ ራስ ይሻላል፤ አራት ድርብ የሆነው ጋቢ ከነጠላ ይበልጣል፤ ዣንጥላ ሲጨመር ደግሞ መልካም ነው። ዲስኮው ውስጥ ሸሚዙን ያንቦገቦጉት ቅመሞችም አልትራቫዮሌትን ስለሚመጡ፣ ልብሱን ከፀሐይ የሚያሳልፈውን ጨረር ይቀንሳሉ። በሠርጉ ሌሊት ለጌጥ ያበራው ሸሚዝ በማግስቱ በተራራው መንገድ ላይ የለባሹን ቆዳ ይጠብቃል ማለት ነው። ያቺ እናት በእንዶድ የታጠበ ነጠላቸውን ደርበው፣ ዣንጥላቸውን ይዘው ከወጡ ደግሞ እሳቸውም አይከፋቸውም።