ለቅሶ ቤት የማይነገረው

ሥራዬ ሐዘን የከበደበትን ሰው ማማከር ነው። ከውጭ ለሚያየው ለስለስ ያለ ድምፅ፣ ራስ መነቅነቅና ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሶፍት ይመስላል። ሶፍቱስ እውነት ነው። የቀረውን ግን ጠጋ በሉና ላውጋችሁ፤ ባልደረቦቼ ቢሰሙኝ ደስ አይላቸውም።

በለቅሶው ሰሞን ወደ እኛ የሚመጣ ሰው የለም ማለት ይቻላል። መምጣትም የለበትም። ያን ጊዜ እድሩ ድንኳን ተክሏል፣ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሏል፣ ዘመድ ፍራሽ ላይ አብሮ እያደረ ነው። ከዚያ የተሻለ የምንሰጠው ነገር የለንም። ሰው በራችንን የሚያንኳኳው አርባው ከወጣ፣ ጠያቂ ከቀረና ስልኩ መጮህ ካቆመ በኋላ ነው። ያኔም “ሐዘን ጎድቶኛል” አይልም። “ጨጓራዬን ነው”፣ “እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል”፣ “እዚህ ጋ ይወጋኛል” ይላል። ደሙ ተመርምሮ፣ ራጅ ተነስቶ ምንም ሲታጣበት ሐኪሙ ልኮት ነው። እኛ ዘንድ መምጣቱን ለቤተሰቡ አይናገርም፤ “አእምሮውን ነካው” ይሉኛል ብሎ ይፈራል።

ቀጥሎ የምነግራችሁ ኪሳችንን የሚነካ ነው። ሰው ስለሞተበት ብቻ ለሁሉም የሚሰጥ ምክር ብዙም አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ2008 ከሪየር፣ ናይማየርና በርማን የተባሉ ተመራማሪዎች 61 ጥናቶችን አንድ ላይ መዝነው ነበር። ምክር ያገኘውና ያላገኘው ሐዘንተኛ ጊዜ ሲያልፍ ያን ያህል አልተለያዩም። ጥቅሙ ጎላ ብሎ የታየው ሐዘኑ አልለቅ ያላቸው ሰዎች ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን የማሳልፈው አንድ ነገር በመለየት ነው፦ ይህ ሰው እኔን ይፈልጋል ወይስ የጎደለው የሚሰማው ዘመድ ነው?

ለመለየት የሚረዳን መስፈርት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ የተራዘመ ሐዘን ገብቷል። ቢያንስ 6 ወር የቆየ፣ ኑሮን ያሰናከለና ከሐዘንተኛው ባህልና ሃይማኖት ልማድ ያለፈ መሆን አለበት። ይቺ የመጨረሻዋ ነጥብ ትልቅ ናት። ባሏ የሞተባት ሙስሊም 4 ወር ከ10 ቀን ኢዳ ብትቀመጥ፣ ክርስቲያኗም ዓመት ሙሉ ጥቁር ብትለብስ አንዳቸውም አልታመሙም። “አምስቱን የሐዘን ደረጃዎች” አንብቦ “እኔ ስንተኛው ላይ ነኝ?” ለሚለኝም መልሴ አጭር ነው። ኤልሳቤጥ ኩብለር ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ ደረጃዎቹ የጻፈችው ሊሞቱ የተቃረቡ ሕሙማንን አነጋግራ ነው። የቋሚው ሐዘን ተራ ጠብቆ አይመጣም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ለቅሶ ቤት ማልቀስ፣ ደረት መምታት፣ ሙሾ ማውረድ፣ ሟችን ማሞገስ ይቻላል። ሟችን መውቀስ ግን ነውር ነው። ዓመታት አልጋ ላይ የቆዩ እናቷን ያስታመመች ልጅ “እፎይ አልኩ” ብትል ማን ይሰማታል? ባሏ ሲመታት የኖረች ሴትም ሰው ሁሉ “ደግ ነበር” ሲል አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። እኛ ክፍል በሩ ሲዘጋ የሚወጣው ይሄ ነው፦ ቁጣ፣ እፎይታ፣ “እኔ ነኝ የገደልኩት” የሚል ጸጸት።

አንድ አባት ላሳያችሁ፤ ማንም እንዳይታወቅ የብዙ ሰው ታሪክ ደባልቄባቸዋለሁ። ሃምሳዎቹን አጋምሰዋል፤ የሞተችባቸው ሴት ልጃቸው ናት። የስልኳ ቁጥር እንዳይዘጋ በየጊዜው ካርድ ይሞላሉ። ቤተሰቡ “ይተውት” እያለ ይጨቀጭቃቸዋል። እኔ ስልኩን ይዘው እንዲመጡ ነገርኳቸው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ መስታወቱ ጠርዙ ላይ የተሰነጠቀ፣ ቻርጁ ግን ሙሉ።

“አሁን ደውለው ብታነሳ ምን ይሏት ነበር ጋሼ?”

ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ከፍ ብሎ “ለምን አልነገርሽኝም?” አሉ። ሕመሟን ደብቃቸው ነበር።

እንዲህ ባለ ሰዓት “አይዞዎት” የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ይደርሳል። እውጠዋለሁ። “አይዞህ” የተባለ ሰው ጨዋ ከሆነ ዝም ይላል፤ ቁጣውንም ይዞት ቤቱ ይመለሳል። ሰውየው ዛሬም ካርድ ይሞላሉ። እንዲያቆሙ ጠይቄያቸው አላውቅም። ሥራቸው ገብተዋል፣ እህል ይበላሉ፣ ስሟንም ይጠራሉ፤ ለእኔ ይበቃኛል።

ሐዘኑ እጅግ ሲጠና የምንጠቀምበት ሌላ መንገድ አለ። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዋ የሥነ አእምሮ ሐኪም ካትሪን ሺር ባዘጋጀችው 16 ክፍለ ጊዜ ገደማ በሚፈጅ ሕክምና፣ ሐዘንተኛው የሞቱን ዜና የሰማበትን ሰዓት ዓይኑን ጨፍኖ ይተርካል፤ ትረካውም ተቀድቶ ቤቱ ያዳምጠዋል። እዚህ ላይ የእኛው የመርዶ ልማድ ጉዱ ይወጣል። ቤሩት ወይም ሪያድ ላለች ልጅ የእናቷ ሞት “ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ” ተብሎ ይደበቃል። ሐሳቡ ደግ ነው። በኋላ ግን “ለመድኃኒት” ብላ የላከችው ብር ለተዝካር እንደዋለ ትሰማለች። ትረካዋ ሁሌም እዚያ ላይ ይሰበራል፤ ከሞቱ ይልቅ የሚያንገበግባት የዘመዶቿ ዝምታ ነው።

አስክሬን ያልተገኘበትም እንዲሁ ይከብዳል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ በተከሰከሰው አውሮፕላን 157 ሰዎች ሲያልቁ፣ ለቤተሰቦች በቅድሚያ የደረሳቸው ከሥፍራው የተዘገነ አፈር ነበር፤ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሽኝቱ የተደረገው አስክሬን በሌለበት ሣጥን ነው። እንዲህ ያለው ሐዘንተኛ እኛ ዘንድ ሲመጣ መጀመሪያ የምንፈልግለት የስንብት መንገድ ነው።

አማካሪ ስትመርጡ ይህን ያዙ። በመጀመሪያው ቀን “ፎቶውን አውርጂ፣ ልብሱን ለድሃ ስጪ” ካለ ተነሱና ውጡ። “እኔ በቀደምኩት” ለቅሶ ቤት የተለመደ አባባል ነው፤ ከወራት በኋላ ግን የሚሞትበትን መንገድ የሚያስብ ሰው ካለ ቀጠሮ አትጠብቁለት፣ ያንኑ ዕለት ሆስፒታል ውሰዱት።

ለሌላው ሁሉ ለገበያዬ የማይበጅ ምክር አለኝ። ከአርባው በኋላ ሳትጠሩ ሂዱ። የሟችን ስም ጠርታችሁ ጠይቁ፤ የምትሰሙት ወቀሳ ቢሆንም “ተው፣ ሙት አይወቀስም” አትበሉ። እንዲህ ያለ አንድ ወዳጅ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ እኔ ዘንድ አይደርስም።