ብሎን ያለው ሄድፎን

እ.ኤ.አ. በ2014 በኮምፒውተር ሜሞሪ ስሙ የገነነው ኪንግስተን፣ ሃይፐርኤክስ ክላውድ የሚባል ሄድፎን ለጌም ተጫዋቾች ይዞ ብቅ አለ። ዕቃው ገበያ ሲገባ ሙገሳው ጎረፈለት፦ ራስ አይጫንም፣ ለዘፈንም ይሆናል፣ ጠንካራ ነው ተባለ። ክላውድ ግን ከባዶ የተነደፈ አልነበረም። ታክስታር የተባለው የቻይና አምራች ለድምፅ ባለሙያዎች የሚሸጠው ፕሮ 80 የሚባል የስቱዲዮ ሄድፎን ነበረው። ኪውፓድ የተባለ የስዊድን ድርጅት በዚሁ አካል ላይ ማይክ ገጥሞ ለጌም ሸጠው። ኪንግስተንም ተከትሎ የራሱን ማሻሻያ ጨመረበትና ስሙን ለጠፈበት። ስመ ጥሩው የጌም ሄድፎን፣ ልብሱን ቢቀይርም፣ የስቱዲዮ ሠራተኛ ነበር ማለት ነው።

ዘፈንም ጌምም የሚወድ፣ ኪሱ ግን የማይፈቅድለት ሰው ፍለጋውን ከዚህ ቢጀምር አይጎዳም። ካርቶኑ ላይ «ጌሚንግ» ተብሎ የተጻፈው፣ ጎኑ ላይ ቀይና አረንጓዴ የሚበራው መብራት፣ የዘንዶ ሥዕሉ፣ ሁሉም ዋጋ ላይ ይደመራሉ፤ ድምፁ ላይ ግን ምንም አይጨምሩም። ለስቱዲዮ የሚሠራው ሄድፎን በተቃራኒው መልኩ ደረቅ ነው። ባለሙያው ቀኑን ሙሉ ራሱ ላይ አድርጎት ስለሚውል መቆርቆር የለበትም። በየቀኑ ስለሚጣልና ስለሚጎተት ደግሞ በቀላሉ መሰበር የለበትም፤ ከተሰበረም ተፈትቶ መጠገን አለበት።

የዚህ ዓይነቱ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የሶኒ ኤምዲአር 7506 ነው። ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም በሬዲዮ ጣቢያና በፊልም ቀረጻ ቦታ ይታያል፤ ዋጋውም 100 ዶላር አካባቢ ነው። ክብደቱ 230 ግራም ገደማ ሲሆን ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ ገመዱ እንደ ድሮ ስልክ የተጠቀለለ ነው። ድምፁ ሹል ነው። ቀጭኑን ድምፅ ጎላ አድርጎ ስለሚያሰማ በጌም ውስጥ የጠላትን ኮቴ ለመለየት ይመቻል። ዘፈን ላይ ግን ይህ ጠባዩ ሁለት መልክ አለው። በሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ የቫይብራፎኑ ደወል ሲደወልና ቀስ እያለ ሲጠፋ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ በሸክላ አሳታሚው በአምሃ ሪከርድስ ዘመን የተቀረጹትን የሸክላ ዘፈኖች ስናዳምጥ ደግሞ የሸክላው ጭርጭርታም አብሮ ይጎላል። እኔ ይህን አልጠላውም፤ ለስለስ ያለ ድምፅ የሚወድ ሰው ግን ሊደክመው ይችላል።

ጥቂት ገንዘብ መጨመር ለሚችል የጀርመኑ ባየርዳይናሚክ ዲቲ 770 አለ። መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1985 ሃይልብሮን በተባለችው ከተማ ነው። ጆሮን የሚከብበው ትራስ ከቬሎር ጨርቅ ስለተሠራ ለሰዓታት ቢደረግ ያን ያህል አያልብም፤ ማቀፊያው ብረት ነው፤ ክፍሎቹም ማለት ይቻላል ሁሉም በመለዋወጫነት ይሸጣሉ። ሲገዙ ኦህሙን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ተቃውሞውን መጠን፣ ማየት ያስፈልጋል፤ 32፣ 80 እና 250 ኦህም የሆኑ ዓይነቶች አሉትና። ባለ 250ው በስልክ ላይ ሲሰካ ድምፁ ደካማ ይሆናል፤ የሚያግዘው አምፕሊፋየር ይፈልጋል። ለስልክና ለላፕቶፕ ከ80 ባይበልጥ ይመረጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ዕድሜ እንምጣ። ሄድፎን ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ስፒከሩ አይደለም። ስፒከሩ ማግኔት፣ የመዳብ ሽቦ ጥቅልና ስስ ሽፋን ነው፤ ሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ሽፋኑን ያርገበግበዋል፣ ርግብግቢቱ ድምፅ ይሆናል። የሚፋተግ ነገር ስለሌለው ቶሎ አያልቅም። የሚሞተው ገመዱ ነው፤ ያውም ጃኩ ሥር ወይም ወደ ጆሮው በሚገባበት ቦታ፣ ደጋግሞ ከመታጠፍ ብዛት። ስለዚህ ገመዱ የሚነቀል ሄድፎን ይመረጣል። እዚህም ላይ ግን ሶኬቱን ልብ ማለት ይገባል። የኦዲዮ ቴክኒካ ኤም 40 ኤክስ ገመዱ ይነቀላል፤ የሚገባበት ቀዳዳ ግን ጠበብ ያለ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትርና የሚቆለፍ ስለሆነ ማንኛውም ተራ ገመድ አይሆነውም። ሶኒውና ባየርዳይናሚኩ ጨርሶ አይነቀሉም። ሆኖም ሶኒው ብሎኑ ተፈትቶ፣ ባየርዳይናሚኩም ተከፍቶ የተበጠሰውን ሽቦ መቀጠል ይቻላል፤ መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ ስልክ የሚጠግን፣ ሶልደር የሚያውቅ ልጅ ይሠራዋል። በሙጫ የተጣበቀውን ግን ማንም ሳይሰብር አይከፍተውም።

ከገመዱ ቀጥሎ የሚያልቀው የጆሮ ትራሱ ነው። ቆዳ የሚመስለው ሰው ሠራሽ ሽፋን በላብና በሙቀት ይሰነጠቅና ጥቁር ቅርፊቱን ጆሮና አንገት ላይ ያራግፋል። 7506ም ከዚህ አያመልጥም። ይህ እንደ ብልሽት የሚቆጠር አይደለም፤ ጫማ ሶል እንደሚቀየርለት ትራሱም ይቀየራል። የሚያሳስበው ለዚያ ሞዴል የሚሆን ትራስ መገኘቱ ነው፤ ስሙ በማይታወቅ ሄድፎን ላይ ትራሱ ሲያልቅ ሄድፎኑም አለቀ። ሲቀየር ደግሞ ውፍረቱና ጨርቁ ከበፊቱ ከተለየ የባሱ መጠን ይለወጣል፤ ቬሎር ባሱን በመጠኑ ያሳልፋል።

ምቾትን ከካርቶን ላይ ማንበብ አይቻልም። ክብደቱ ቀላል ሆኖ አጥብቆ የሚይዝ አለ፤ የዜንሃይዘሩ ኤችዲ 280 በዚህ ይታማል። መነጽር ለሚያደርግ ሰው ይህ ከባድ ነገር ነው፤ ትራሱ የመነጽሩን እጀታ ጆሮ ላይ ይጫነዋልና። የሶኒው ጉድጓድ ጠለቅ ያለ ስላልሆነ ጆሮው ወጣ ያለ ሰው የውስጡ ሽፋን ይነካዋል። ሱቅ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ሞክሮ «ይመቻል» ማለት አይበቃም፤ ባለሱቁ ከፈቀደ አንድ ዘፈን ከነአጀቡ እስኪያልቅ ሳያወልቁ መቆየት ይሻላል።

እስካሁን ያነሳኋቸው ሄድፎኖች ከኋላቸው የተዘጉ ናቸው። ክፍት የሆኑም አሉ። ዜንሃይዘር እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው ኤችዲ 414 ያስለመደው ዓይነት ነው፤ ድምፁ ሰፊና አየር ያለው ይመስላል፤ በጌም ውስጥም የድምፁ አቅጣጫ ደህና ይለያል። ነገር ግን የውጭውን ጫጫታ ያስገባል፣ የውስጡንም ያወጣል። ወንድምና እህት በአንድ ክፍል በሚያድሩበት ቤት፣ ወይም ጎረቤት ቴሌቪዥን ከፍቶ በሚያመሽበት ግቢ፣ የተዘጋው ያዋጣል። ጫጫታውን ስለሚቀንስ ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤል የሆነን ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ማዳመጥ ችግር እንደሌለው ይናገራል፤ 90 ዴሲቤል ሲደርስ ግን የሚፈቀደው በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው።

ገንዘቡ በጣም ላነሰው የኮስ ፖርታ ፕሮ አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 ወጥቶ እስካሁን መልኩን አልቀየረም፤ ጆሮ ላይ የሚቀመጥ፣ ትራሱ ተራ ስፖንጅ የሆነ ትንሽ ነገር ነው። የውጭ ድምፅ አይከለክልም፤ ዘፈን ላይ ግን ዋጋው ውድ የሆነውን ያሳፍራል። አሜሪካ ለሚኖር አንባቢ ኩባንያው በዚያ አገር የዕድሜ ልክ ዋስትና መስጠቱም አንድ ነገር ነው።

ብሉቱዝስ? ለዘፈን መልካም ነው። ለጌም ግን ድምፁ ከሥዕሉ ወደኋላ ይቀራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.2 ሰከንድ ይዘገያል። ፐብጂ በተባለው የተኩስ ጌም ተኩሱን አይቶ ድምፁን ቆይቶ የሰማ ሰው ያውቀዋል። ሌላም አለበት፦ በተለመደው ብሉቱዝ የሄድፎኑ ማይክ ሲከፈት ዘፈኑም ጌሙም የስልክ ጥሪ ጥራት ላይ ይወርዳል። በዩኤስቢ በሚሰካ መቀበያ የሚሠራው ገመድ አልባ ይህ ችግር ብዙም የለበትም፤ ባትሪው ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ መድከሙ አይቀርም፣ ለመቀየርም አያመችም። ለዚህ ነው ገመዱን የምመርጠው። እ.ኤ.አ. በ2016 አይፎን 7 ከወጣ ወዲህ ጃክ የሌለው ስልክ ቢበዛም ችግሩ በትንሽ የዩኤስቢ ሲ መለወጫ ይፈታል።

«7.1 ሰራውንድ» የሚለው ጽሑፍ ብዙ ሰው ያታልላል። አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያለው አንድ ስፒከር ለቀኝ፣ አንድ ለግራ ነው፤ የቀረውን ሶፍትዌር ያስመስለዋል። ጆሮአችን አቅጣጫን ከሚለይባቸው መንገዶች አንዱ ድምፁ ወደ ሁለቱ ጆሮዎች በሚደርስበት ጊዜ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ ይህንን ደግሞ ደህና ስቴሪዮም ያስተላልፋል። 50 ሚሊ ሜትር ስፒከርና 20 ሺህ ኸርዝ የሚሉት ቁጥሮችም ስለ ድምፁ ጥራት የሚናገሩት ጥቂት ነው።

የስቱዲዮው ሄድፎን የጎደለው ማይክ ነው። ሸሚዝ ላይ የሚቆነጠጥ ርካሽ ማይክ ገዝቶ ማሟላት ይቻላል። ኮምፒውተሩ ለማይክና ለድምፅ ሁለት የተለያዩ ቀዳዳዎች ካሉት እያንዳንዱ በየቦታው ይሰካል፤ አንድ ቀዳዳ ብቻ ባለው ስልክ ወይም ላፕቶፕ ላይ ግን ሁለቱን የሚያገናኝ፣ ጫፉ ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበት ያለው መንታ ገመድ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ጣጣ ነው ለሚል ሰው ክላውዱ አለለት፤ ማይኩ ይነቀላል፣ ትራሱ ይቀየራል፣ ማቀፊያውም አሉሚኒየም ነው።

የ7506 ፎርጅድ በብዛት ስለሚሸጥ፣ ዋጋው ከሚታወቀው በግማሽ ከወረደ መጠርጠር ነው። ሱቅ ውስጥ ሄድፎኑን አድርገው የሚያውቁትን ዘፈን ይክፈቱ፤ ድምፁ በሁለቱም ጆሮ እኩል መሆኑን ይስሙ፤ ከዚያ ገመዱን ጃኩ ሥርና ጆሮው ሥር ይዘው ቀስ ብለው ያወዛውዙት። ድምፁ ከተቆራረጠ ባለሱቁ ከካርቶን ሌላ ያውጣ።