«የጀርባ ኮዳ»፦ ስለ አንድ አዲስ ዕቃ ስያሜና አጠቃቀም

ለአንድ ቀን የእግር ጉዞ የሚወጡ ሰዎች በጀርባቸው አዝለው፣ ከትከሻቸው ላይ በሚወርድ ቀጭን ቱቦ እየመጠጡ የሚጠቀሙበት የውኃ መያዣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአገራችን መታየት ጀምሯል። ዕቃው ቢገባም የረጋ የአማርኛ ስም ገና አላገኘም። አንዱ በንግድ ምልክቱ «ካሜልባክ» ሲለው፣ ሌላው «ባለ ቱቦ ቦርሳ» ይለዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዕቃውና ለክፍሎቹ የሚስማሙ ቃላትን መርምሮ ሐሳብ ማቅረብና፣ ቃላቱ በሥራ ላይ ሲውሉ ምን እንደሚመስሉ በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ ጉዞ ምሳሌነት ማሳየት ነው።

፩. የዕቃው ምንነት

ዕቃው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ነው። በቴክሳስ ሐሩር የብስክሌት ውድድር ላይ የተካፈለ ማይክል አይድሰን የተባለ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ ለበሽተኛ ፈሳሽ የሚሰጥበትን ከረጢት ውኃ ሞልቶ፣ በካልሲ ውስጥ ከትቶ፣ በልብሱ ጀርባ ላይ አያያዘው፤ እየጋለበም በቱቦው ጠጣ። ኋላ ይኸው ሐሳብ ለገበያ የሚሆን ዕቃ ሆኖ «ካሜልባክ» በሚል የንግድ ስም ወጣ። ዛሬ በልዩ ልዩ ድርጅቶች የሚሠራው ይህ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ ሦስት ሊትር ይይዛል።

፪. ነባር ቃሎቻችን

መንገደኛ ውኃ መያዙ አዲስ ነገር አይደለም። ቅል አለ፤ ከለፋ ቆዳ የሚሠራ ቀርበታ አለ፤ ወታደሩና ተማሪው የለመዱት ኮዳ አለ። ለቤት የሚቀዳው ውኃ በእንስራ፣ ኋላም በጀሪካን ይመጣል። ጀሪካን ራሱ የሩቅ መንገደኛ ቃል ነው፤ እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመኖችን የነዳጅ መያዣ አይተው ጀርመኖችን በሚጠሩበት የቅጽል ስም የሰየሙት ነው። የታሸገ ውኃ የሚሸጥበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ደግሞ ከአንድ የንግድ ምልክት ተነሥቶ በሕዝብ አፍ «ሃይላንድ» ሆኗል፤ ዛሬ የማንኛውም ድርጅት ጠርሙስ «ሃይላንድ» ሲባል ይሰማል። ስለዚህ አዲሱን ዕቃ በወቅቱ ካልሰየምነው የሻጩ ምልክት የዕቃው ስም ሆኖ እንደሚቀር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

፫. የስያሜ አማራጮች

ሀ) «ካሜልባክ»፦ የአንድ ድርጅት ምልክት በመሆኑ የሌሎቹን ሥራ አይወክልም። «የግመል ጀርባ» ብሎ መተርጐሙም አይበጅም፤ ግመል በሻኛዋ ስብ እንጂ ውኃ አታከማችምና ስሙ የተሳሳተ ዕውቀት ያስተላልፋል።

ለ) «የውኃ ፊኛ»፦ የእንግሊዝኛውን ስያሜ ቃል በቃል የተከተለ ነው። በአማርኛ ግን ፊኛ በመጀመሪያ የሽንት መቋጠሪያ ብልት ነው። ከፊኛ ጠጡ የተባለ ሰው ቢጸየፍ አይፈረድበትም።

ሐ) «ውኃ ማዘያ»፦ ከ«አዘለ» የወጣ፣ አገባቡም የቀና ቃል ነው። ነገር ግን በገጠሩ ብዙ ሴቶችና ልጃገረዶች በየቀኑ ውኃ በጀርባቸው ያዝላሉ። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ የውኃው ክብደት ብቻ ሃያ ኪሎ ነው። «ውኃ ማዘያ» ሲባል ሰሚው በቅድሚያ የሚያስበው ይህን ሸክምና የሚታሰርበትን ገመድ ነው። ለመዝናናት ሁለት ሊትር ይዞ የሚወጣ ሰው ዕቃ ይህን ስም ሊወስድ አይገባውም።

መ) «የጀርባ ኮዳ»፦ ኮዳ የመንገደኛ የግል ውኃ መያዣ መሆኑ የታወቀ ነው፤ «የጀርባ» የሚለው ዘርፍ ደግሞ በወገብ ከሚታጠቁት ወይም በትከሻ ከሚያነግቱት ኮዳ ይለየዋል። ሁለቱም ቃላት የተለመዱ ናቸው፤ ያለ ማብራሪያም ይገባሉ። በእኛ አስተያየት ሊመረጥ የሚገባው ይህ ነው።

፬. የክፍሎቹ ስያሜ

የአማርኛ ዕቃ አፍ፣ አንገትና ሆድ አለው፤ እንስራ በአፉ ይሞላል፣ በአፉም ይቀዳል። በጀርባ ኮዳ ግን መሙያውና መጠጫው የተለያዩ ስለሆኑ ሁለቱን «አፍ» ብሎ መጥራት ያሳስታል። ስለዚህ የሚከተሉት ቀርበዋል።

ከረጢት፦ ውኃውን የሚይዘው፣ ከማይነጥብ ስስ ፕላስቲክ የተሠራ የውስጥ ክፍል።

አፍ፦ ከረጢቱ የሚሞላበትና የሚታጠብበት ሰፊ ቀዳዳ፤ ክዳን አለው።

ቱቦ፦ ከከረጢቱ ግርጌ ተነሥቶ በትከሻ በኩል ወደ ፊት የሚመጣው መተላለፊያ።

መምጠጫ፦ በቱቦው ጫፍ ያለ፣ በጥርስ ሲያዝ የሚከፈት፣ ሲለቀቅ የሚዘጋ ክፍል። «አፈ ሙዝ» እንዳይባል ቃሉ ለጠመንጃ ተይዟል፤ «ጡጦ» ቢባል ደግሞ የሕፃን ስለሆነ አዋቂውን ያሥቃል።

ማንገቻ፦ ዕቃው በትከሻ የሚያዝበት ጠፍር።

፭. ቃላቱ በሥራ ላይ

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የጉራጌ ዞን ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ጊቤ ሸለቆ የሚወርድ ሰው እየወረደ በሄደ መጠን ሙቀቱ ይጨምርበታል። በጉራጌ ተራሮች ምሥራቃዊ ግርጌ የተቈረቈረችው ቡታጅራ ደግሞ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ከተማ ናት። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ዘቢዳር ተራራ የሚወጣ መንገደኛ በእንሰት ተክል መካከል አልፎ ወደ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ብርዳማ ቦታ ይደርሳል። በቈላው መንገድ ላብ ስለ ጥም ይናገራል፤ በደጋው ግን ብርዱ ጥምን ይሸፍናል፣ ደረቁ አየርና የትንፋሽ ብዛት ግን ውኃውን ከሰውነት ማውጣታቸውን አያቋርጡም። የጀርባ ኮዳ ጥቅም የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው፤ መንገደኛው ሳይቆምና ሻንጣውን ሳያወርድ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እንዲጠጣ ያስችለዋል።

አንድ መምህር ተማሪዎቹን ከቡታጅራ ወደ ተራራው ቢያወጣ ሊሰጥ የሚገባው መመሪያ ከላይ በተመለከቱት ቃላት ሲነገር የሚከተለውን ይመስላል፦

«በመጠነኛ ጉዞ ለአንድ ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ ይበቃዋል፤ ለአራት ሰዓት መንገድ ሁለት ሊትር ያዙ። የምንጭ ወይም የወንዝ ውኃ ከሆነ አፍሉት፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ቈዩበት። ሳይበርድ በከረጢቱ አትገልብጡት። ከረጢቱን በአፉ ሞልታችሁ ክዳኑን አጥብቁ፤ ገልብጣችሁም በመምጠጫው አየሩን ሳቡ፣ አለዚያ ውኃው በየእርምጃው ይንቦጫረቃል። ከባዱ ነገር ከጀርባችሁ እንዳይርቅ ከረጢቱን ወደ ጀርባ አስጠግታችሁ አስቀምጡ። መምጠጫው መሬት እንዳይነካ ቱቦውን ከማንገቻው ጋር አያይዙ። ስትመለሱም ከረጢቱንና ቱቦውን በሳሙና አጥባችሁ፣ አፉን ከፍታችሁ አድርቁ።»

የመጨረሻው ትእዛዝ በተለይ ሊሠመርበት ይገባል። እርጥበት የቀረበት ቱቦ ይሻግታል፤ ስኳር ያለበት መጠጥ ተጨምሮበት እንደ ሆነ ደግሞ ፈጥኖ ይበላሻል። ቱቦው ውስጡ በቀላሉ ስለማይታይ ተጠቃሚው ንጹሕ መስሎት ይጠጣል። «መምጠጫውን እጠቡ» የተባለ ተማሪ መምጠጫ የትኛው እንደ ሆነ ካላወቀ አፉን አጥቦ ቱቦውን ይተወዋል። እንግዲህ የስያሜ ጉዳይ የጤና ጉዳይም መሆኑ ከዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል።

፮. ስለ ጉራጌ ቋንቋዎች

ከላይ የቀረቡት ቃላት አማርኛ ናቸው። በወልቂጤና በቡታጅራ ዙሪያ ግን ቸሃ፣ ክስታኔ፣ መስቃንና ሌሎችም ይነገራሉ፤ እነዚህም ለመያዣ ዕቃና ለሸክም ዓይነት የየራሳቸው ቃላት አሏቸው። ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1979 በሦስት ቅጽ ያሳተሙት የጉራጌ ቋንቋዎች የቃላት ምንጭ መዝገብ ለዚህ ሥራ መነሻ ይሆናል። ሆኖም የመዝገብ ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ጀፎረ በሚባለው ሰፊ የመንደር መንገድ ላይ ውኃ ተሸክመው ከሚመላለሱት ሰዎች አፍ መስማት ያስፈልጋል። ምናልባትም ለአማርኛው ከታሰበው የተሻለ ስም ከዚያ ይገኝ ይሆናል፤ ቢገኝ «የጀርባ ኮዳ» ቦታውን ለመልቀቅ አይከብደውም።

እስከዚያው ድረስ መምህራን፣ አስጐብኚዎችና ነጋዴዎች በእነዚህ ቃላት ተጠቅመው፣ የከበዳቸውንና የቀለላቸውን ለይተው ቢያስታውቁ ለቀጣዩ ጥናት ትልቅ ርዳታ ይሆናል። ቃል የሚጸናው መዝገብ ስለጻፈው ሳይሆን ሰው ሲቸግረው ስለሚጠራው ነው።