ያውቁ ኖሯል? እንደገና የተሞላ ጥይት ለምን ይደክማል?

በጥቅምት 1888 ዓ.ም. የሸዋ ጦር ከከሚሴ በስተምዕራብ ወደምትገኘው ወረኢሉ ሲከት፣ ከያዛቸው ጠመንጃዎች አንዱ የፈረንሳዩ ውጅግራ ነበር፤ ጥይቱ 11 ሚሊሜትር፣ ባሩዱ ጥቁር። ጥይት ብርቅ ስለነበር የተተኮሰ የናስ ቀለሃ ዝም ብሎ አይጣልም ነበር። ተለቅሞ በአገር ቤት ባሩድ እንደገና ይሞላ ነበር፤ ችግርም ብልሃትም ነበር።

እንዲህ ያለውን ጥይት ከሚያደክሙት ነገሮች አንዱ እርጥበት ነው። ባሩዱ ውስጥ የሚገባው ጨውጴጥሮስ በደንብ ካልጠራ፣ አብሮት የቀረው ተራ ጨው ከአየር ውሃ ይስባል። ባሩዱም ቀስ ብሎ እየነደደ ጭሱና ጥቀርሻው ይበዛል፣ ግፊቱ ያንሳል፤ እርሳሱ ቅርብ ይወድቃል።

ተኩሱ «ፉሽ» ብቻ ካለማ ይብሳል፦ እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ተሰንቅሮ ሊቀር ይችላል። ያን ሳያዩ የደገሙ እንደሆነ ሊፈነዳ የሚችለው ጠመንጃው ነው።