የወገብ ህመምና የልብ ምት ምን ያገናኛቸዋል?

ወገቡን የሚያመው ሰው ወደ አጥንት ሐኪም ይሄዳል። ራሱን እያዞረ የሚጥለው ደግሞ ወደ ልብ ወይም ወደ ነርቭ ሐኪም ያመራል። ሁለቱ ችግሮች በአንድ ሰው ላይ ሲገኙም ብዙውን ጊዜ ለየብቻ ነው የሚታዩት። ሆኖም ሁለቱም ከአንድ በሽታ የሚመነጩበት ጊዜ አለ። በሽታው አንካይሎሲንግ ስፖንዲላይቲስ ይባላል። የሰውነት የመከላከል ሥርዓት የገዛ ራሱን አከርካሪ ሲያጠቃ የሚከሰት የመገጣጠሚያ ብግነት ነው።

የትኛው የወገብ ህመም?

በቅድሚያ አንባቢያን ያለ ምክንያት እንዳይሰጉ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። አብዛኛው የወገብ ህመም ከልብ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ከባድ ዕቃ በማንሳት ወይም ለረጅም ሰዓት ጎንበስ ብሎ በመሥራት የሚመጣው ህመም ሲሠሩ ይብሳል፣ ሲያርፉ ይሻላል።

የአንካይሎሲንግ ስፖንዲላይቲስ ህመም ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ40 ዓመት ዕድሜ በፊት ቀስ በቀስ ይጀምርና ከሦስት ወር በላይ ይቆያል። ታማሚውን ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል። ጠዋት ሲነሳ ወገቡ ግትር ብሎ ለመላላት ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስድበታል። ሲንቀሳቀስ ይሻለዋል፣ ሲተኛ ይብስበታል። ህመሙ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ መቀመጫ በኩል ሊመላለስ ይችላል። አንዳንዶች ዓይናቸው በድንገት እየቀላ ያማቸዋል፣ ብርሃንም ማየት ይከብዳቸዋል።

የረጅም ጊዜ የወገብ ህመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ ግን በአገራችን መጀመሪያ ሊጠረጠሩ የሚገባቸው የአከርካሪ ቲቢ እና ካልተፈላ ወተት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ ናቸው።

ልብ ጋ እንዴት ይደርሳል?

ልብ የምትመታው በራሷ ኤሌክትሪክ ነው። መልእክቱ ከላይኛው ቀኝ ክፍል ይነሳና በመካከል ባለች ትንሽ ጣቢያ በኩል ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ይተላለፋል። ይህችን ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1906 ለዓለም ያስተዋወቃት ጃፓናዊው ሐኪም ሱናኦ ታዋራ ነው። ጣቢያዋ የምትገኘው አኦርታ የተባለው ትልቁ የደም ቧንቧ ከልብ ከሚወጣበት ሥፍራ አጠገብ ነው። አከርካሪን የሚያጠቃው ብግነት የአኦርታን ሥርም ሊያጠቃ ስለሚችል ከዚያ ወደ ጣቢያዋ ይዛመትና ጠባሳ ይፈጥራል። አንዳንዴም የአኦርታን ቫልቭ አበላሽቶ ደም ወደ ኋላ እንዲመለስ ያደርጋል።

ጠባሳው መልእክቱን ሲያዘገይ ችግሩ የመጀመሪያ ደረጃ ይባላል፤ ታማሚው ምንም ላይሰማው ይችላል፣ የሚታወቀውም በልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ (ኢሲጂ) ብቻ ነው። አንዳንዱ መልእክት ሲቋረጥ ሁለተኛ ደረጃ ይሆናል። ጨርሶ ሲዘጋ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ይደርሳል፤ የልብ ምትም በደቂቃ ወደ 40 ወይም ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል። በጤነኛ አዋቂ ሰው በዕረፍት ጊዜ የሚጠበቀው ምት ከ60 እስከ 100 ነው።

የሁለቱን ዝምድና ያጠናከረው የዘር ምርመራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በለንደንና በሎስ አንጀለስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች አብዛኞቹ የዚህ በሽታ ታማሚዎች ኤችኤልኤ ቢ27 የተባለ የዘር ምልክት እንዳላቸው አሳወቁ። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ በስዊድን የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመላቸው 223 ወንዶች ሲመረመሩ የአከርካሪው በሽታ ከሚጠበቀው በላይ ተገኘባቸው። ይህ የዘር ምልክት ከሰሃራ በታች ባሉ አፍሪካውያን ዘንድ ከአውሮፓውያን ይልቅ ጥቂት ነው። ጥቂት ነው ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። እንዲያውም ብዙ ስለማይታይ ሳይጠረጠር ሊታለፍ ይችላል።

በበሽታው ከተያዙትም ቢሆን ልባቸው እስከ ሦስተኛው ደረጃ የሚደርስባቸው ጥቂቶች ናቸው። አሳሳቢው የልብ ችግሩ የወገቡን ህመም መጠን ጠብቆ አለመምጣቱ ነው። ወገቡን ቀለል አድርጎ የሚያመው ሰውም ሊያጋጥመው ይችላል።

ምልክቶቹና የሚሳሳቱ ግምቶች

ቶሎ መድከም፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር፣ ማዞር እና በድንገት ራስን ስቶ መውደቅ ዋና ምልክቶች ናቸው። ሰውየው ሲወድቅ አንጎሉ ደም ስለሚያጣ ለጥቂት ሰከንድ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። በዚህ የተነሳ የሚጥል በሽታ ነው ተብሎ ይታለፋል፤ ክብሪት ተጭሮ እንዲያሸት የሚደረግበትም ጊዜ አለ። ክብሪት አይጠቅመውም። የሚተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኝቶ እግሩን ከፍ ማድረግ፣ ከዚያም በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ያስፈልጋል።

ምርመራው ቀላል ነው። ኢሲጂ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። መዘጋቱ እየመጣ የሚሄድ ስለሚሆን ግን አንድ ጊዜ ተነስቶ ደህና መባል ሁልጊዜ አያስተማምንም። ራስን መሳት ካለ የልብ ምትን ለ24 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚመዘግብ መሣሪያ ሊታዘዝ ይችላል።

ሕክምናውና ጥንቃቄው

ጠባሳ የሆነውን ጣቢያ በአብዛኛው መድኃኒት አይመልሰውም። ለከባዱ ደረጃ መፍትሔው ከአንገት አጥንት በታች፣ ከቆዳ ሥር የሚቀበር የልብ ምት ማስተካከያ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 8 ቀን 1958 በስዊድን በዓለም የመጀመሪያው በሰውነት ውስጥ የተቀበረ መሣሪያ የተገጠመለት አርነ ላርሰን፣ መሣሪያውን ደጋግሞ እያስለወጠ እ.ኤ.አ. እስከ 2001 ኖሯል። በአገራችን የመሣሪያው ዋጋ ለብዙዎች ከባድ መሆኑ አይካድም። ችግሩ ቀድሞ መታወቁ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ ቤተሰብ ለመዘጋጀት ጊዜ ያገኛል።

ወገቡን የሚያመው ታማሚ በተለይ ለሚከተሉት ጥንቃቄ ያድርግ፦

• አቴኖሎል፣ ፕሮፕራኖሎል፣ ቬራፓሚል እና ዲጎክሲን የልብን ምት ያዘገያሉ። ለዓይን ግፊት የሚታዘዘው የቲሞሎል ጠብታም እንዲሁ። የታዘዘልዎትን ግን በራስዎ አያቋርጡ፤ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

• ዳይክሎፌናክን የመሳሰሉ ማስታገሻዎች ብግነቱን ቢያበርዱም፣ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራን፣ ኩላሊትንና ልብን ይጎዳሉ።

• የልብ ምት ማስተካከያ ካለዎት ለወገብዎ ኤምአርአይ ከመነሳትዎ በፊት ይናገሩ። ሁሉም መሣሪያ ለዚህ ምርመራ አይሆንም። በፊዚዮቴራፒ ክፍል የሚሰጠው ዳያተርሚ የተባለው የኤሌክትሪክ ሙቀት ሕክምናም አደገኛ ነው።

• እጅዎ አንጓ ላይ ሁለት ጣት አድርገው ለአንድ ሙሉ ደቂቃ የልብ ምትዎን ይቁጠሩ። ከ50 በታች ሆኖ ማዞር ካለው ለነገ አይበሉ። ስፖርተኞች ያለ ችግር ዝቅ ያለ ምት ሊኖራቸው እንደሚችል ግን ይወቁ።

ከሁሉም በላይ ለወገብዎ የሄዱበትን ሐኪም «ያዞረኛል፣ ወድቄም አውቃለሁ» ይበሉት። ለልብዎ የሄዱበትንም «ወገቤን ጠዋት ጠዋት ይይዘኛል» ይበሉት። ሐኪሙ ሁለቱን ሊያያይዝ የሚችለው ሁለቱንም ከእርስዎ ሲሰማ ነው።