ቅርጽ የያዘ ድምፅ

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ አበው። ተረቱ የተተረተው ለሐሜት ቢሆንም ለስደተኛ ሌላም ትርጉም አለው። ከኮሎምበስ ወደ እናቴ ስደውል ከድምጿ ኋላ አውራ ዶሮ ይጮሃል፤ ራቅ ብሎም የቤተ ክርስቲያን ደወል ይሰማል። እሷ ለምዳዋለችና ልብ አትለውም። እኔ ግን ያንን ለመስማት ብዬ ሆን ብዬ ዝም የምልበት ጊዜ አለ።

ለዛሬ ላነሳ የወደድኩት እንዲህ ያለውን ድምፅ የጥበብ ሥራ ስላደረገ ሰው ነው። ቢል ፎንታና ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1947 በዚሁ በኦሃዮ፣ በክሊቭላንድ ከተማ ተወለደ። ድንጋይ አይጠርብም፣ ነሐስ አያቀልጥም፤ ሥራውን ግን «የድምፅ ቅርጻ ቅርጽ» ይለዋል።

ድምፅ እንዴት ቅርጽ ይኖረዋል? መልሱ እ.ኤ.አ. በ1976 በሲድኒ ወደብ በሠራው ሥራ ውስጥ ይገኛል። ኪሪቢሊ የተባለው ተንሳፋፊ የጀልባ ማቆሚያ በኮንክሪቱ ላይ ቀዳዳዎች ነበሩት። ማዕበሉ ከሥር ሲመታ አየሩ በየቀዳዳው እየታፈነ ከበሮ የሚመስል ድምፅ ያወጣል። ፎንታና ስምንት ማይክሮፎን በስምንት ቀዳዳ ላይ ደቅኖ እያንዳንዱን ለየብቻ ቀዳ። ቅጂው በስምንት ድምፅ ማጉያ ሲሰማ አድማጩ የማዕበሉን ጉዞ ከጥግ ወደ ጥግ ይከተላል። ሐውልትን ዞሮ እንደማየት ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ፣ የኖርማንዲ ዘመቻ 50ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ የኖርማንዲን ባሕር ድምፅ በቀጥታ ወደ ፓሪስ አስተላልፎ ከድል ቅስቱ ላይ አሰማ። የማዕበል ድምፅ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ድምፅ ስለሚይዝ የመኪናውን ጩኸት ዋጠው። ሰው በዓይኑ መኪና እያየ በጆሮው ባሕር ሰማ። እ.ኤ.አ. በ2006 በለንደን የሚሌኒየም ድልድይ ላይ ንዝረት የሚለኩ መሣሪያዎች ገጥሞ፣ ድልድዩ በነፋስና በእግረኛ ሲርገበገብ የሚያወጣውን ድምፅ በቴት ሞደርን ሙዚየም አዳራሽ አስደመጠ።

ውድ አንባቢ፣ ይህ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በትውፊታችን ቅዱስ ያሬድ ግዕዝን፣ ዕዝልንና ዓራራይን የተማረው ከሦስት አዕዋፍ ነው። የጣና ገዳማት የድንጋይ ደወልም ድንጋይን ራሱን የሚያናግር ጥበብ ነው።

የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። በደቡብ ጎንደርና በጎጃም ከጥንታዊው ደን የቀረው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያለው ነው። በ«እመጓ» ደራሲነት የምናውቀው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያው የእነዚህ ደኖች ተመራማሪ ነው፤ ከአሜሪካዊቷ ሜግ ላውማን ጋር በመሆንም ደኖቹ በድንጋይ አጥር እንዲከበሩ ሠርቷል። አጥሩ ዛፉን ያድናል። ዛፉ ከጠፋ ግን ወፉም ከነዜማው አብሮ ይሄዳል፤ ያንን ዜማ ማን ቀድቶ አኖረው?

እዚህ ኮሎምበስ፣ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ዶናልድ ቦረር የተባለ የነፍሳት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1948 የወፎችንና የነፍሳትን ድምፅ መቅዳት ጀመረ። በስሙ የተጠራው ቤተ ሙከራ ዛሬ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ቅጂዎች አሉት። መነሻው ግን አንድ ትጉህ ሰውና አንድ መቅረጫ ነበር።

«ወገን በተኩስ ድምፅ እየነቃ የወፍ ድምፅ ምን ይፈይዳል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ራሴን ጠይቄዋለሁ። ነገር ግን ተኩስ ከሰው ሕይወት ቀጥሎ የሚወስደው ይህንኑ የአገር ንጋት ነው። የጠፋብንን እንድናውቅ እንኳ ቀድሞ ምን እንደነበረን የሚመሰክር ያስፈልገናል።

ስለዚህ ወደ አገር ቤት የሚሄድ፣ ወይም እዚያ ዘመድ ያለው ሁሉ፣ አንዲት ንጋት በስልኩ ይቅዳ፤ የቦታውን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፍበት። እኔ በእናቴ ደጅ ጀምሬአለሁ። «ዶሮ ቅጂልኝ» ስላት ሳቀችብኝ፤ ቀድታ ስትልክልኝ ግን ሳቋም አብሮ ነበር።

ቸር ይግጠመን።